እስከ ግማሹ የማውቃቸው ዘፈኖች

«ከዘፈን ሁሉ የምትወጂው የቱን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቀላል ነገር የጠየቀ ይመስለዋል። አገሬ ሆኜ ብጠየቅ አንዱን ጠርቼ፣ ቡናዬን ፉት ብዬ እገላገል ነበር። ቤይሩት ግን መልሱን ታወሳስበዋለች፤ እዚህ ከምወዳቸው ዘፈኖች የሚበዙትን እስከ መጨረሻቸው ሰምቻቸው አላውቅማ! መግቢያቸውን አሳምሬ አውቃለሁ። ከበሮው የት ላይ እንደሚገባ፣ ዘፋኙ የት ላይ ትንፋሹን እንደሚሰበስብ እነግራችኋለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን፣ ፍቅረኞቹ ይታረቁ ይጣሉ፣ ለባለቤቶቹ ትቼዋለሁ። ስልክ ላይ ሙሉውን ማግኘት እንደማያቅት አይጠፋኝም፤ ሞክሬዋለሁም። ግን ከግማሹ በኋላ ያለው ክፍል ሌላ ሰው መጥቶ የቀጠለው እየመሰለኝ አጠፋዋለሁ።

የመጀመሪያው ጥፋተኛ መብራት ነው። ሊባኖስ ውስጥ መብራት ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ የመንግሥት ነው፣ ሰዉ በአጭሩ «ዳውሌ» ይለዋል፤ ሌላው የሰፈሩ ጄነሬተር ባለቤት በየወሩ እያስከፈለ የሚሰጠው «ኢሽቲራክ» ነው። ከ2019 በፊት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የማወራችሁ) ቤይሩት ከተማ ውስጥ የመንግሥቱ መብራት በቀን 3 ሰዓት ብቻ፣ ያውም በተራና በታወቀ ጊዜ ይጠፋ ነበር፤ ከከተማዋ ክልል ወጣ ስትሉ፣ ወደኛዎቹ ሰፈሮች ወደ ቡርጅ ሐሙድና ዶራ ስትመጡ ግን ጨለማው ይረዝም ነበር። 2021 ላይ ነገሩ ተገለበጠና የሚቆጠረው የሚጠፋበት ሳይሆን የሚመጣበት ሰዓት ሆነ፤ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ሁለቱ ትልልቅ ማመንጫዎች ነዳጅ አልቆባቸው ሲቆሙ አገሩ በሙሉ ጨለመ።

የብዙ ቤት የጄነሬተር ውል 5 አምፔር ነው። 5 አምፔር ማለት፣ ካውያ ከሰካችሁ ካውያ ብቻ ነው። ሬድዮ ምንም አይበላም፤ ሲቀጣ ግን አብሮ ይቀጣል። እኔ በምሠራበት ቤት ሸሚዝ እየተኮስኩ፣ ዘፈኑ ደግሞ ደህና ቦታ ላይ ደርሶ፣ ከቤቱ ልጆች አንዱ ገላውን ሊታጠብ የውኃ ማሞቂያውን ያበራል፤ ብሬከሩ ይወርዳል፤ ካውያውም ዘፈኑም አንድ ላይ ይሞታሉ። ደረጃውን ወርጄ፣ ከሳጥኑ ውስጥ የኛን ቤት ቁልፍ ፈልጌ ወደ ላይ ገፍቼ፣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ስመለስ ሬድዮው የፍራሽ ማስታወቂያ ላይ ደርሷል። መብራት በሚሄድበት አገር ዘፋኝ ቁም ነገሩን መግቢያው ላይ ይጨርስ የምለው ለዚህ ነው። ደግሞ መብራት ሲመለስ የሚሰማውን ድምፅ ብታውቁት! ሊፍቱ ያጓራል፣ ፍሪጆች ይንቀጠቀጣሉ፣ ከየፎቁ ሕፃናት «መጣ!» ብለው ይጮኻሉ። እሱን ጩኸት ለመረዳት ዐረብኛ አላስፈለገኝም፤ እኛም ሰፈር የምንጮኸው እሱኑ ነበር።

ሁለተኛው ጥፋተኛ ሰርቪስ ነው። ሰርቪስ ቀይ ታርጋ ያለው፣ በየመንገዱ ሰው እየጫነና እያወረደ የሚሄድ የጋራ ታክሲ ነው። ሾፌሩ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ሲያይ ጥሩምባውን አንዴ አጠር አድርጎ ይነካል፤ ጥያቄ መሆኑ ነው። ጎንበስ ብላችሁ የምትሄዱበትን ትነግሩታላችሁ። ካልተስማማው ቃል አያወጣም፤ ቅንድቡን ብድግ አድርጎ፣ ምላሱን አንዴ «ጭ» አሰኝቶ ይነዳል። ይህች ቅንድብ ለኛ ሰው ፈተና ናት። እኛ ዘንድ ቅንድቡን ብድግ ያደረገ፣ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ ያደረገ ሰው «እሺ» ማለቱ ነው፤ እዚህ «አይሆንም» ነው። ገና የመጣች ልጅ በሩን ልትከፍት እጇን ስትዘረጋ፣ ሾፌሩ ቅንድቡን ደግሞ ሲያነሣ፣ እሷም መስማማቱን አረጋግጣ በቅንድቧ ስትመልስለት፣ እሱ በዚህ ጊዜ ግንባሩ እስኪሸበሸብ ሲያነሣ፣ ከኋላ የቆሙት መኪኖች ሁሉ ሲጮኹ ቆሜ አይቻለሁ። ቲኬት ቢቆረጥበት የሚያዋጣ ቲያትር ነበር።

ከገባችሁ በኋላ ዘፈን የሚመርጠው ሾፌሩ ነው። ጠዋት ከሆነ እሱም ምርጫ የለውም፤ ፌይሩዝ ናት። በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ሰፈር፣ በዳቦ ቤቱም በጸጉር አስተካካዩም፣ የሊባኖስ ጠዋት በእሷ ድምፅ ነው የሚከፈተው፤ ይህ ሕዝብ በስንት ነገር እንደማይስማማ ስታስቡት፣ እስከ 4 ሰዓት ገደማ ድረስ አንዲት ሴት ሁሉንም ዝም ማሰኘቷ ቀላል ነገር አይደለም። ከረፋዱ በኋላ እንደ ሾፌሩ ዕድሜ ነው፤ ሽማግሌው ግብፃዊቷን ኡም ኩልሡምን ይከፍታል፣ ጎልማሳው የ1980ዎቹን ዲስኮ፣ ወጣቱ ከስልኩ የቀዳውንና መስኮቱን የሚያንቀጠቅጠውን። ከዶራ ሐምራ ድረስ ስንት ዘፈን እንደሚሰማ የሚወስነው የመኪናው ሰልፍ ነው። መውረጃችሁ ሲደርስ «ሆን፣ ዓሞ»፣ እዚህ ጋ አጎቴ፣ ትላላችሁ፤ በሩን ትዘጋላችሁ፤ የዘፈኑ ቀሪ ከጎናችሁ ተቀምጦ ለነበረው ሰው ይቀራል። ከፍላችሁ ግማሽ ነው የደረሳችሁ።

የታክሲ ሾፌርን የሙዚቃ ምርጫ መናቅ እንደማይገባ ያስተማረኝ ኃይሉ መርጊያ ነው። ከዋልያስ ባንድ ጋር በ1977 «ቸ በለው»ን የሠራው፣ ኦርጋኑን የሚያናግረው ሰው፣ ባንዱ 1981 ላይ አሜሪካ ሲሄድ ሄዶ እዚያው ቀረ፤ ለብዙ ዓመታት ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነዳ። ደለስ አየር ማረፊያ ተራውን ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው ዕቃ መጫኛ አውጥቶ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይለማመድ ነበር ይባላል፤ ራሱም ለጋዜጠኞች ተናግሮታል። ከዚያ 2013 ላይ አሮጌ ካሴቱ እንደገና ታተመና ዓለም አገኘው፤ በ2018 «ላላ በሉ» የሚለውን አዲስ አልበም አወጣ። ስንቱ መንገደኛ ከፊቱ የተቀመጠው ማን እንደሆነ ሳያውቅ «ሬድዮውን ቀንሰው» ብሎት ይሆን? ከዚያ ወዲህ ሰርቪስ ውስጥ «ቀንሰው» አልልም። ማን ያውቃል፤ ኮፈኑ ሥር ኦርጋን ይኖረዋል።

ከሊባኖስ ዘፈኖች ሁሉ አንደኛ የማደርገውን ያገኘሁትም ሰርቪስ ውስጥ ነው፤ የዚያድ ራሕባኒ «አቡ ዓሊ»። ዚያድ የፌይሩዝና የዓሲ ራሕባኒ ልጅ ነው። አባቱ ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ በ1973፣ እናቱ የምትዘፍነውን ዜማ ሲሠራ ገና የ17 ዓመት ልጅ ነበር፤ በኋላ ቲያትር ጻፈ፣ ቀለደ፣ ተሳደበ፣ ፒያኖ መታ፣ የቲያትሮቹን ንግግር ሰው ሁሉ በቃሉ ይለዋል። «አቡ ዓሊ» አቴንስ ተቀድቶ በ1979 የወጣ ዲስኮ ነው። 1979 ማለት የእርስ በርስ ጦርነቱ ገና መሐል ላይ ነው፤ ከተማው ለሁለት ተከፍሎ፣ መሐሉ ምሽግ ሆኖ፣ አንድ የ23 ዓመት ልጅ ቫዮሊኑን፣ ጥሩምባውንና ባሱን ሰብስቦ የዳንስ ሙዚቃ ያወጣል። ያሳተመው ዚዳ የሚባል ድርጅት ነው፤ ሐምራ ውስጥ በ1964 ቺኮ የሚባለውን ሙዚቃ ቤት ከከፈተው አርመናዊ ጋር የተያያዘ። (አርመኖቹን ያዙልኝ፤ እመለስባቸዋለሁ።)

የዚህ ሙዚቃ ትልቁ ችሎታው ርዝመቱ ነው። 13 ደቂቃ ያህል ይሄዳል። ጀማሪ ሰው 3 ደቂቃ ላይ አለቀ ይላል፤ አላለቀም። ቫዮሊኖቹ ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፣ ጥሩምባው የሆነ ነገር ተበድሮ ያልተመለሰለት ይመስል ደጋግሞ ይጠይቃል፣ ባሱ አይሰማውም፣ ይቀጥላል። እኔ ሁልጊዜ መሐሉ ላይ ነው የምወርደው። አንድ ሾፌር ግን፣ ጸጉሩ ነጭ፣ መስታወቱ ላይ መቁጠሪያ የሰቀለ፣ መውረጃዬን ስነግረው ቆም አደረገና ሞተሩን ሳያጠፋ፣ አንድ ጣቱን አንሥቶ «ቆይ፣ ይቺን ቦታ ስሚ» አለኝ። ሰማን። ከኋላ ጥሩምባ ተነፋብን። እሱ በመስኮቱ እጁን አውጥቶ አምስቱን ጣቶቹን አንድ ላይ ሰብስቦ ወደ ላይ አዞራቸው፤ ይህች ምልክት እዚህ አገር «ትንሽ ታገሡ» ናት፤ ከቆንስላ እስከ ዳቦ ሰልፍ ድረስ ትሠራለች።

ዚያድ 2025 ሐምሌ ውስጥ፣ በ69 ዓመቱ ሞተ። ሬሳው ከሐምራው ሆስፒታል ሲወጣ ሰዉ መንገዱን ሞልቶ እያጨበጨበ፣ እየዘፈነ ሸኘው፤ እናቱ ፌይሩዝ፣ ለስንት ዓመት ፊቷን ለሕዝብ ያላሳየች ሴትዮ፣ ቢክፋያ ካለው ቤተ ክርስቲያን ጥቁር ለብሳ፣ ጥቁር መነጽር አድርጋ ተቀምጣ ታየች። በዚያ ሰሞን ሰርቪሶቹ ሁሉ እሱን ነበር የሚከፍቱት፤ ወራጁም ቀስ ብሎ ነበር የሚወርደው።

ወደ ቀልዱ ልመልሳችሁ። ናንሲ ዓጅራምን የማያውቅ የለም። በ2004 የወጣው «አህ ወ ኑስ» ቪዲዮው የናዲን ላበኪ ሥራ ነው፤ ኋላ በፊልም ዓለም ያወቃት ሴት። ናንሲ እዚያ ውስጥ በሳፋ ልብስ ታጥባለች። እግሯን ዘርግታ፣ ጸጉሯ ሳይበተን፣ ዓይኗን ቀና እያደረገች፣ እየዘፈነች። የኔ አስተያየት ከባለሙያ ይቆጠርልኝ፤ ሳፋ ላይ ጎንበስ ብዬ የኖርኩ ሰው ነኝ። እንደዚያ የታጠበ ልብስ አይነጻም። እጇ ጨርቁን አያሽም፤ ይዳስሰዋል እንጂ። አረፋውም በዛ፤ ሳሙና የገዛ ሰው ያን ያህል አያፈስም። ግን ዘፈኑ ደስ ይለኛል፤ እያጠብኩ ስሰማው ክርኔ ሳላዝዘው የናንሲን እጅ ይከተልና ልብሱ እንደቆሸሸ ይቀራል። ማዳም ሸሚዙን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችው፣ ቅንድቧን ብድግ አደረገች። የቱን ማለቷ እንደሆነ ነገርኳችሁ።

እስከ መጨረሻው የማውቀው ዘፈን አንድ አለ፤ አልወደውም። «ቤቢ ሻርክ»። ፒንክፎንግ የሚባል የኮሪያ ድርጅት በ2016 ያወጣው ይህ ዘፈን፣ በኖቬምበር 2020 ዩቲዩብ ላይ ከሁሉ በላይ የታየ ቪዲዮ ሆነ፤ ከዚያ ቁጥር ውስጥ ጥሩ ድርሻ ያለን እኛ፣ ሰው ቤት ልጅ የምናባላ ሴቶች፣ ነን ብል አላጋነንኩም። ሕፃን ጎን ተቀምጣችሁ «ድገሚው» ሲባል መብራትም ወራጅም አያድናችሁም፤ ስልኩ ሁልጊዜ ተሞልቶ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ዘፈን አንድ ጥሩ ነገር ልናገር፤ በኦክቶበር 2019 ሰዉ ሁሉ መንግሥትን ተቃውሞ መንገድ የወጣ ጊዜ፣ ባዕብዳ በኩል፣ ከቤይሩት ደቡብ ምሥራቅ ካለው ከፍታ፣ አንዲት እናት ትንሽ ልጇን መኪና ውስጥ ይዛ ሰልፈኛ መሐል ገባች። ልጁ እንዳይደነግጥ ድምፅ ቀንሱልኝ ብትላቸው እነዚያ ጎረምሶች መፈክሩን ትተው፣ መኪናውን ከበው፣ በእጃቸው ጭምር እያሳዩ «ቤቢ ሻርክ»ን ዘፈኑለት። ቪዲዮው ዓለምን ዞረ። ሕፃኑ ዓይኑን አፍጥጦ ከአንዱ ወደ አንዱ ያያል። እኔ ግን የማየው ጎረምሶቹን ነው፤ አንዳቸውም እንቅስቃሴውን አልተሳሳቱም፤ እያንዳንዳቸው ቤት «ድገመው» የሚል ታናሽ ወንድም እንዳለ ያስታውቃል።

«ኢንዲ» የሚሉትን፣ ማለትም ትልቅ አሳታሚ ሳይኖረው በጓደኛና በብድር የሚሠራውን ሙዚቃ፣ ያወቅሁት በኩሽና በኩል ነው። አንድ ወቅት ማታ ማታ ማር ሚኻኤል ሰፈር ካለ ጠባብ ቡና ቤት ብርጭቆ አጥብ ነበር። ኩሽናውንና ቤቱን የሚለየው መጋረጃ ነው፤ ሙዚቃው መጋረጃ አያውቅም። ያስሚን ሐምዳንና ዘይድ ሐምዳንን እዚያ ሰማኋቸው። የአባት ስም ይጋሩ እንጂ ዘመድ አይደሉም። ሶፕ ኪልስ በሚል ስም በ1990ዎቹ መጨረሻ ተነሡ፤ ጦርነቱ አልቆ፣ የከተማው መሐል በአዲስ ሕንፃ ታጥቦ በሚጸዳበት ጊዜ። እሷ የድሮ ዐረብኛ ዜማ በእንቅልፍ ድምፅ ትላለች፣ እሱ ከሥሩ በማሽን ይከተላታል፤ ሳይሮጡ ያስጨፍራሉ። ብርጭቆ ለማጠብ ከዚህ የተመቸ ፍጥነት የለም፤ አይሰበርም። ዘይድ ስለ ፕሬዚዳንቱ ባወጣው ዘፈን የተነሣ በ2011 ተይዞ ለሰዓታት ከቆየ በኋላ ተለቋል፤ ዘፈኑ ከዚያ በኋላ ነው ሰው ሁሉ የፈለገው።

እዚያው ኩሽና፣ አንድ ማታ፣ ሙላቱ አስታጥቄ ተከፈተ። ቪብራፎኑ ከመጋረጃው ወዲያ ጠብ ጠብ ሲል እጄ ሳሙና ውስጥ ቀረ። ቀና ብዬ በመጋረጃው ጠርዝ ሳይ፣ ጺማቸውን በጥንቃቄ ያጎፈሩ ወጣቶች አንገታቸውን በዝግታ ይወዘውዛሉ። የጅማው ልጅ ሙዚቃ ማር ሚኻኤልን ይዟታል! የአሜሪካዊው ዳይሬክተር የጂም ጃርሙሽ ውለታ አለበት፤ በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» የሚለውን ፊልሙን በሙላቱ ዜማ ሞላውና ዓለም ተከተለው። ይኸው ሰውዬ በ2013 «ኦንሊ ላቨርስ ሌፍት አላይቭ» በሚለው ፊልሙ ያስሚን ሐምዳንን አቁሞ አዘፈናት። አንድ የውጭ ሰው ከኛም ከነሱም ያነሣው ቀስ ብሎ የሚሄደውን መሆኑን ልብ አድርጉልኝ። ባለ ጺሞቹን «እሱ የኛ ነው» ብዬ ልነግራቸው አሰብኩና ተውኩት። ሲያዩኝ ብርጭቆ ይዤ ስለነበር «ውኃ ጨምሪልን» አሉኝ፤ ጨመርኩላቸው፤ አንገታቸውን እየወዘወዙ ጠጡ።

አሁን አርመኖቹ። የምኖረው ቡርጅ ሐሙድ ነው፤ የቤይሩትን ወንዝ ተሻግራችሁ የምታገኙት፣ ሽቦው ከፎቅ ፎቅ ተወጥሮ ሰማዩን የሚቆራርጥበት፣ ሰው በሰው ላይ የሚኖርበት ከተማ። የሠሩት ከ1915ቱ እልቂት የተረፉ አርመኖች ናቸው፤ መጀመሪያ ወደብ አጠገብ ካራንቲና ሰፍረው፣ ኋላ እዚህ ረግረጉን አድርቀው፣ ሰፈሮቹን ባጡት አገራቸው ስም ኖር ማራሽ፣ ኖር ሲስ፣ ኖር አዳና ብለው ሰየሙ። ዛሬ ከነሱ ሱቅ ፎቅ ላይ የኛ ምግብ ቤት አለ፤ የበርበሬውና ባስተርማ የሚሉት የደረቀ ሥጋቸው ሽታ ደረጃው ላይ ይገናኛሉ፤ እስካሁን አልተጣሉም። ያከራዩኝ ሴትዮ፣ አክስቴ የምላቸው፣ እሁድ የኛን ሙዚቃ ከፍ ሳደርግ በመጥረጊያ እንጨት ግድግዳውን ይመታሉ። ቀንሺ ለማለት መሆኑን ነግረውኛል፤ ምቱን ግን አይስቱም።

ለሳቸው አንድ ቀን ማጫወት የምፈልገው ታሪክ አለ። በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሲደርሱ በአርመኑ ገዳም ያደጉ፣ ከዚያው እልቂት የተረፉ 40 ወላጅ አልባ ልጆች በጥሩምባ ሲቀበሏቸው ሰሙ። ወደዷቸው፤ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የምንላቸው እነሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መዝሙር ዜማ ደረሰ፤ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ ኋላ መጥቶ የማዘጋጃ ቤቱንና የቲያትር ቤቱን ኦርኬስትራ አሠለጠነ፤ የኛን ዜማ ለጥሩምባ አሰናዳ። በ1960ዎቹና 70ዎቹ አዲስ አበባን ያስጨፈረው ያ የጥሩምባ ረድፍ፣ ዛሬ ከአምስተርዳም እስከ ቶኪዮ ሰው የሚያብድለት፣ አንድ እግሩ እዚያ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ጥሩምባውን አዲስ አበባ አደረሱ፤ እኔ በስልኬ ይዤው ቡርጅ ሐሙድ መጣሁ፤ ከዚያው እልቂት የተረፉ ሰዎች የልጅ ልጅ ደግሞ «ቀንሺው» ብለው ግድግዳ ይመቱብኛል።

ቡርጅ ሐሙድ ለሙዚቃ ያላት ውለታ በዚህ አያበቃም። ማሽሩዕ ለይላ የሚባለው፣ በ2008 በቤይሩት አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተመሠረተው ባንድ፣ የመጀመሪያ አልበሙን በዲሴምበር 2009 ያስመረቀው እዚሁ፣ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ነበር፤ ከሺህ በላይ ሰው ብረት መሐል ቆሞ ሰማ። ቫዮሊን ይመታላቸው የነበረውም አርመን ነው፣ ሃይግ ፓፓዚያን። ከነሱ ዘፈን «ራክሲት ለይላ»ን እወዳለሁ፤ ቫዮሊኑ ሲገባ የቆመ ሰው እግሩን የሚያደርግበት ያጣል። በ2019 ቢብሎስ ላይ ሊያቀርቡት የነበረው ዝግጅት በማስፈራሪያ ተሰረዘ፤ በ2022 ባንዱ ተበተነ። ግማሽ ዘፈን የምለው እንግዲህ የኔ ጆሮ ብቻ አይደለም።

የዳንሱን ነገር ሳላነሣ ብቀር ጓደኛዬ፣ የጎንደሯ ልጅ፣ ትታዘበኛለች። ለኛ ዳንስ ማለት እሁድ ነው፤ እሁድ ለሚሰጣት ማለቴ ነው። ዶራ አካባቢ ምድር ቤት ውስጥ የሚከራይ አዳራሽ አለ። ማታ መግባት የሚከለከልበት ቤት ስለሚበዛ ጭፈራው የሚጀመረው በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ በ8 ሰዓት ነው። ደረጃውን ስትወርዱ ሌሊት ይሆናል፤ ቀይ መብራት ይሽከረከራል። ጫማ መቀየሪያ ጥግ አለ፤ እዚያ ጥግ የሚቀመጡትን ነጠላ ጫማዎች አይቶ የማንኛዋ ልጅ ማዳም ጨካኝ፣ የማንኛዋ ለጋስ እንደሆነች መገመት ይቻላል። ዲጄዋ ከኛው አንዷ ናት፤ በሥራ ቀን አሽረፊዬ ውስጥ አንዲት አሮጊት ታስታምማለች። ቴዲ አፍሮ ይመጣል፣ አስቴር ትመጣለች፣ ከዚያ ጓደኛዬ እጇን እያወናጨፈች የምትጠይቀው የሮፍናን ይመጣል፤ በ2018 «ነፀብራቅ» ብሎ ባወጣው አልበም የባላገሩን ምት ከኤሌክትሮኒኩ ጋር ያጋባው። እሱ ሲከፈት ከትግራይ ይምጡ ከወሎ፣ ከጉራጌ ይምጡ ከወለጋ፣ ትከሻዎቹ ተራ ሳይጠብቁ ይነሣሉ። ሊባኖሶች ሲጨፍሩ ዳብኬያቸው ከጉልበት በታች ነው፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው መሬቱን ይረግጡታል። እኛ ከደረት በላይ ነን። አንድ የሊባኖስ ወጣት፣ የአዳራሹ ጥበቃ፣ በሩ ላይ ቆሞ እስክስታ ሊሞክር ሲል ትከሻው እምቢ ብሎት እግሩ ሲጀምር አየነው፤ ሣቅን፤ እሱም ሣቀ።

እሁድ ከሰዓት መኪና ሙዚቃውን ከፍ አድርጎ በሰፈሮቹ መሐል ሲያልፍ ቀና ብላችሁ በረንዳዎቹን እዩ። አንዳንዱ ላይ ልብስ የምታሰጣ ልጅ ትኖራለች፤ እሁድ የሌላት። እጇ መቆንጠጫውን ይይዛል፣ ፊቷ ምንም አይልም፣ ትከሻዋ ግን ከአንሶላው ጀርባ አንዴ፣ ሁለቴ ይሰበራል። መኪናው ያልፋል፤ የደረሳት ሩብ ዘፈን ነው።

የኛ አዳራሽ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ ይበተናል። መጨረሻ ላይ የሚከፈተው ዘፈን አንድም ቀን አልቆ አያውቅም፤ ጫማ መቀየሪያው ጥግ ይጨናነቃል፣ ስልኮች ይጮኻሉ፣ «ደረስኩ ማዳም» ይባላል። የከተማዋ ሀብታም ልጆች ያን ጊዜ ሌሊቱን ገና አላሰቡትም። የነሱ ዝነኛ ቦታ ቢ 018 ካራንቲና ውስጥ ነው፤ አርክቴክቱ በርናርድ ኹሪ በ1998 መሬት ውስጥ ቀብሮ የሠራው፣ ጣሪያው ሲከፈት የሚጨፍረው ሰው ከዋክብት የሚያይበት። እኛ ከምድር ቤት ስንወጣ ፀሐይ ታጋጥመናለች፤ እነሱ ምድር ቤት ሆነው ሰማይ ይከፈትላቸዋል። ካራንቲና አርመኖቹ መጀመሪያ የሰፈሩበት ያው ነው ብያችኋለሁ፤ በ1976 ብዙ ሰው የተጨፈጨፈበት፣ ኦገስት 4 ቀን 2020 ደግሞ ወደቡ ሲፈነዳ ግንባሩን የሰጠ። በላዩ የሚጨፈረው ለዚህ ይሁን ይህ ሆኖም ሳለ፣ ቤይሩትን ለሚያውቅ አይጠየቅም።

ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ሰምታ «ታዲያ አንደኛው የቱ ሆነ?» አለችኝ። «አቡ ዓሊ» ነው፤ ፍርዴ ነው፣ ይግባኝ አልቀበልም። እሷ ሮፍናን ትላለች፤ ዲጄዋ የምትሰማው እሷን ስለሆነ እሁድ እሁድ እሷ ታሸንፋለች። እናንተም ካልሰማችሁት ፈልጋችሁ ስሙት፤ በ2019 እንደገና ስለታተመ አይጠፋችሁም። 13 ደቂቃ ያህል ነው፤ ስልካችሁን መጀመሪያ ቻርጅ አድርጉት፤ ካውያ ደግሞ እንዳትሰኩ።